ከመደርደሪያ አንስቶ ሳይከፍል ለሚወጣ ሰው ምን ይደረግ?

ካሸሯ
ሰላም ለሁላችሁ። ትልቅ ሱፐርማርኬት ውስጥ ካሸር ነኝ። ስለ ሱቅ ስርቆት ሁሉም የሚለው አለው። ብዙው ሰው ግን የሚያወራው ስልኩ ላይ ካየው ቪዲዮ ተነስቶ ነው። እኔ በየቀኑ የማየውን ላስቀምጥና እናንተ ፍረዱ።

በብዛት የሚያጋጥመኝ ሰው ዝምተኛ ነው። ቅርጫቱን በርካሽ ዕቃ ይሞላል፣ ውዱን ጃኬቱ ውስጥ ይሸጉጣል። ከዚያ እኔ ጋ ተሰልፎ የቅርጫቱን ሒሳብ ሳያጎድል ይከፍላል። «መልካም ቀን» ብሎኝም ይሄዳል።

ሰው ራሱ በሚከፍልበት ማሽን ላይ ደግሞ ሌላ ጨዋታ አለ። ሁለት ዕቃ ደርቦ ይይዝና የአንዱን ባርኮድ ብቻ ያስነብባል። ወይም ውዱን ፍራፍሬ ሚዛኑ ላይ ያስቀምጥና የርካሹን ሥዕል ይጫናል። ሲያዝ መልሱ «ውይ፣ አላየሁትም» ነው። አንዳንዱ ደግሞ እውነቱን ነው፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነው።

በቅርቡ የበዛብን ግን ትልቅ ቦርሳ ይዞ ገብቶ አንድ መደርደሪያ ጠራርጎ የሚወጣው ነው። አይደበቅም፣ አይሮጥም። ዓይን ዓይኔን እያየ ነው የሚያልፈው። የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ ማለት ይሄ ነው።

የሕፃን ወተት ቆርቆሮ ሻርፕ ውስጥ የደበቀች ሴትም አይቻለሁ። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያን ቀን ምን እንዳደረግኩ አልነግራችሁም።

የሱቁ መመሪያ «አትንኩ፣ አትከተሉ፣ በር ላይ አትቁሙ» ነው። ጥሩ፤ እኔም ለሻምፖ ብዬ አልወጋም። ግን ቆጠራ ሲደርስና ዕቃ ሲጎድል ሁሉም ዞሮ የሚያየው እኛን ነው። ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ ምን ይደረግ? «ድሃ ነው፣ ተዉት» ወይም «እጁን ቁረጡት» ከሆነ መልሳችሁ ግን ይለፈኝ።

ሕግ ይከበር
እህቴ፣ ሌባ ሌባ ነው። አራት ዓይነት አድርጎ መከፋፈል ነው ያበላሸን። አንዱን «አሳዝኖኝ» ብለን፣ ሌላውን «ልጅ ነው» ብለን፣ ሦስተኛውን «ፖሊስ አይመጣም» ብለን ስናሳልፍ ነው ዓይን ዓይንሽን እያየ የሚወጣው ሰው የተፈጠረው።

እንቁላል ሰርቆ የጀመረው ልጅ በሬ ሰርቆ ሊሰቀል ሲል እናቱን ምን አላት? «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ።» በቃ። ትንሿ ስርቆት ላይ ጠንከር ያለ እስር ይኑር፣ ትልቋ አትመጣም።

የድሮ መዝገብ
ሕግ ይከበር፣ ይሄ ነገር ተሞክሯል። ያውም አንተ ከምትለው በላይ።

እንግሊዝ በ1699 ሕግ አወጣች (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ከሱቅ 5 ሽልንግና ከዚያ በላይ የሚያወጣ ዕቃ የሰረቀ በሞት ይቀጣል። ቀልድ አይደለም፤ ከመቶ ዓመት በላይ በሥራ ላይ ቆይቷል። ታዲያ ስርቆቱ ቆመ? አልቆመም። የሆነው ምን መሰላችሁ? ለፍርድ የተቀመጡት ዳኝነት ሰጪ ዜጎች ሰው መስቀሉ ከበዳቸው። የተሰረቀውን ዕቃ ዋጋ ሆን ብለው ከ5 ሽልንግ ዝቅ አድርገው መገመት ጀመሩ። ሁሉም የሚያውቀው ውሸት ነበር። ብዙ ነጋዴም የሰው ሕይወት በእጁ ላይ እንዳይጠፋ ብሎ መክሰሱን ተወው።

የበለጠ የሚገርመው የጨርቅ ማንጫ ባለቤቶች ነገር ነው። ዘርግተው የሚያሰጡት ጨርቅ ይሰረቃል፣ ቅጣቱ ሞት ነው፣ ግን ማንም አይፈረድበትም። በመጨረሻ ራሳቸው ተበዳዮቹ «ሞቱን አንሱልን፣ ቅጣቱ ሲቀል ነው የሚፈረድልን» ብለው ለፓርላማ አመለከቱ። በ1811 ተነሳላቸው። ለሱቅ ስርቆቱ ግን ሳሙኤል ሮሚሊ የተባለ የፓርላማ አባል በ1810 ያቀረበውን ተመሳሳይ ሐሳብ የፓርላማው ላይኛ ክፍል የሆነው የጌቶች ምክር ቤት ጥሎታል።

ጣሊያናዊው የሕግ አሳቢ ቤካሪያ ይህንኑ ቀድሞ በ1764 ጽፎታል። ወንጀለኛን የሚያስቆመው የቅጣቱ ጭካኔ ሳይሆን «እያዛለሁ» የሚለው እርግጠኝነት ነው ይላል። የዘመኑ የወንጀል ጥናትም እስካሁን ከዚህ አልራቀም።

የእንቁላሉን ተረት ካነሳህ ደግሞ እስቲ አስበው። ልጁ «በእንቁላሉ ጊዜ ባሳሰርሽኝ» አላለም። እናቱ ያኔውኑ፣ እቤት ውስጥ፣ በትንሹ ብትቆነጥጠው ይበቃው ነበር ነው የሚለው።

ሕግ ይከበር
ማን ስቀሉ አለ? ነገር አታጣምብኝ። ግን የመጨረሻዋን ወስጃታለሁ። ያኔውኑ የሚለውን እስማማለሁ። ችግሩ አሁን ያኔውኑም ነገም የሚመጣ የለም።

ሒሳብ ሹም
ችርቻሮ ንግድ ውስጥ ሒሳብ ስሠራ ነው የኖርኩት፤ አንድ ነገር ላጥራ።

መጋዘን ውስጥ አለ ተብሎ የተመዘገበው ዕቃና ሲቆጠር የተገኘው ሲለያይ ልዩነቱ ጉድለት ይባላል። ሰው ጉድለት ሲሰማ ሌባ ይመስለዋል። የአሜሪካ ቸርቻሪዎች ማኅበር በ2022 ያሰባሰበው መረጃ ላይ ከጉድለቱ 36 ከመቶ ገደማ የውጭ ሰው ስርቆት ነበር። 29 ከመቶ ገደማ የሠራተኛ ስርቆት ነው። 27 ከመቶ ገደማ ደግሞ ሌባ የሌለበት ነው፤ የአሠራር ስህተት። አጠቃላይ ጉድለቱ ከሽያጩ 1.6 ከመቶ ነበር።

1.6 ትንሽ ይመስላል አይደል? ሱፐርማርኬት የሚያተርፈው ግን ብዙ ጊዜ ከሽያጩ ከ1 እስከ 3 ከመቶ ነው። በ2 ከመቶ ትርፍ የምትሠራ ከሆነ አንድ ዕቃ ሲሰረቅብህ ያንን ለመመለስ ሃምሳ ተመሳሳይ ዕቃ መሸጥ አለብህ። ስለዚህ «ትልቅ ድርጅት ነው፣ ምን ይሆናል» የሚል ሰው ሒሳቡን አልሠራም።

ግን በሌላ በኩልም ማጋነን አለ። ይኸው ማኅበር በ2023 ባወጣው ሪፖርት በ2021 ከጠፋው 94.5 ቢሊዮን ዶላር ግማሽ ያህሉ የተደራጁ ሌቦች ሥራ ነው ብሎ ነበር። በታኅሣሥ ወር አረፍተ ነገሩን ሰረዘው። ቁጥሩ ሲመረመር፣ አንድ ሰው በምክር ቤት ፊት የቀድሞ ዓመት ጠቅላላ ጉድለትን እንደ ተደራጀ ስርቆት ቆጥሮ ከተናገረው የተወሰደ ሆኖ ተገኘ። ጠቅላላው ማለት የሠራተኛው፣ የተበላሸው፣ የተሳሳተው ሁሉ የተጨመረበት ነው። ዋልግሪንስ የተባለው የአሜሪካ መድኃኒት ቤትም በስርቆት ምክንያት ሱቅ ዘጋሁ ካለ በኋላ፣ በ2023 መጀመሪያ የፋይናንስ ኃላፊው «ምናልባት አብዝተን አልቅሰን ይሆናል» ብሎ ለባለሀብቶች ተናግሯል።

የምለው አጭር ነው። ስርቆት አለ፣ ያማል። ግን የመክሰር ሰበብ ሁሉ ስርቆት አይደለም።

ካሸሯ
29 ከመቶ ሠራተኛ? ይኸውላችሁ፣ ዞሮ ዞሮ እኛ ላይ 😅
ስህተት የሚባለው ምንድነው ግን?

ሒሳብ ሹም
የመጣው ካርቶን 24 ሳይሆን 22 ይዞ ይመጣና ማንም ሳይቆጥር 24 ብሎ ይፈርማል። ጊዜው አልፎ የተጣለ ዕቃ ሳይመዘገብ ይቀራል። ሦስት ጣዕም ያለው አንድ ዓይነት ዕቃ ይመጣና ካሸር የአንዱን ባርኮድ ሦስት ጊዜ ትመታዋለች። ገንዘቡ ልክ ነው፣ ቆጠራው ግን ይዛባል። (ይሄን የምታደርጊው ከሆነ ተይው።)

ካሸሯ
ሰልፍ በዛ ሲል ሁላችንም እናደርገዋለን 🙈

የጥግ ሱቅ
ልጆች፣ እኔ በዕድሜ ከብዙዎቻችሁ እበልጣለሁ፤ ሱቄ ደግሞ ከሁላችሁ ያንሳል። ሒሳብ ሹም የምትለው መቶኛ ለእኔ አይሠራም። ለእኔ ስርቆት ማለት ጠዋት መደርደሪያ ስጠርግ ከኋላ ተገፍቶ የማገኘው ባዶ ሳጥን ነው። ውስጡን አውጥቶ፣ ሳጥኑን መልሶ ዘግቶ፣ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ያስቀምጠዋል። ለደንበኛ ስሸጠው ነው ባዶነቱ የሚታወቀኝ። ያኔ ሌባው ሳይሆን እኔ ነኝ አታላይ የምመስለው።

ውድ ውዱን መስታወት ውስጥ ቆለፍኩት። ስርቆቱ ቀነሰ፤ ሽያጩም አብሮ ቀነሰ። ሰው ቁልፍ እስኪመጣ ቆሞ አይጠብቅም። ምላጭ ለመግዛት ፈቃድ የሚጠይቅ ያህል ይሰማዋል። ሁለት ሠራተኛ ቁልፍ ይዞ ሲሯሯጥ ደግሞ በሌላው ጥግ የሚያይ ይጠፋል።

እኔ ብትጠይቁኝ ሌባውን ስሙን ጠርቼ «ደህና ዋልክ፣ ምን ልርዳህ?» ስለው ነው የሚተወኝ። ከዚያ ወዲያ እሱ ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል መሰለኝ፤ ያ ደግሞ መፍትሔ ነው ወይ?

የድሮ መዝገብ
እርስዎ ያሉት ነገር ሥር አለው ጋሼ። ድሮ ዕቃው ሁሉ ከባንኮኒው ጀርባ ነበር፤ ደንበኛ ይጠራል፣ ሻጭ ያቀብላል። በ1916 ክላረንስ ሳውንደርስ የተባለ ሰው ሜምፊስ ውስጥ ፒግሊ ዊግሊ የሚባል ሱቅ ከፍቶ ሰው ራሱ ቅርጫት ይዞ እያነሳ እንዲሄድ አደረገ። ሠራተኛ ቀነሰ፣ ዋጋ ወረደ፣ ሽያጭ ጨመረ። ሰው በእጁ የነካውን ይገዛል። የነካውን ይሰርቃልም። ነጋዴው ይህንን አውቆ ነው የገባበት። ራስ በራስ የሚከፈልበት ማሽን የዚያው ቀጣይ ደረጃ ነው። መጀመሪያ ሻጩ ተነሳ፣ አሁን ካሸሯ እየተነሳች ነው። የደመወዙ ቁጠባ ለድርጅቱ ይገባል። የስርቆቱን ጣጣ ግን ፖሊስና ፍርድ ቤት ይሸከሙልኝ ይላል።

ሕግ ይከበር
በሩን ስለከፈተ ሰረቁኝ ማለት አይችልም ነው የምትለው?

የድሮ መዝገብ
አይደለም። ሌባው ጥፋተኛ ነው። ግን ወጪውን ማን ይሸፍን የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው።

ሸንጎ
በሙያዬ የሕግ ሰው ነኝ። እዚህ ክር ላይ ሳይነሳ የቀረ ነገር አለ፦ የገንዘብ ጣሪያ።

ብዙ አገር ስርቆቱን በተሰረቀው ዕቃ ዋጋ ይከፍለዋል። ከጣሪያው በታች ቀላል፣ ከላይ ከባድ። ካሊፎርኒያ በ2014 በሕዝብ ድምፅ ከ950 ዶላር የማይበልጥ የሱቅ ስርቆት ቀላል ወንጀል እንዲሆን ወሰነች። ከዚያ ወዲህ «እዚያ እስከ 950 ዶላር መስረቅ ይፈቀዳል» የሚል ወሬ ዓለምን ዞረ። ውሸት ነው። ቀላል ወንጀል ማለት እስከ ስድስት ወር እስር ያለው ወንጀል ማለት ነው። የሚገርመው፣ በጥብቅነቷ በምትታወቀው ቴክሳስ ስርቆት ከባድ ወንጀል የሚሆነው ከ2,500 ዶላር ጀምሮ ነው። ስለዚህ ጣሪያው ብቻውን የሚያስረዳው ነገር የለም። ካሊፎርኒያም በኅዳር 2024 እንደገና ድምፅ ሰጥታ፣ ሁለት ጊዜ በስርቆት ተፈርዶበት ለሚደግም ሰው ሕጉን አጠበቀች። ዋጋውን ትታ ድግግሞሹን ማየቷ በእኔ ግምት ትክክል ነው።

እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ደግሞ በ2014 የወጣ ሕግ ከ200 ፓውንድ የማይበልጠውን ወደ ቀላል ደረጃ ዝቅ አደረገው። በወረቀት ላይ አሁንም ስርቆት ነው። መሬት ላይ ግን ፖሊስ ቅድሚያ አይሰጠውም የሚል ስሜት ተስፋፋ። በ2025 መንግሥት ያንን ለማንሳት ረቂቅ አቀረበ።

አሁን ይህንን አወዳድሩ። የብሪታንያ ቸርቻሪዎች ማኅበር እስከ ነሐሴ 2024 ባለው ዓመት ከ20 ሚሊዮን በላይ የስርቆት ድርጊት ቆጥሯል። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ በፖሊስ የተመዘገበው ደግሞ እስከ መጋቢት 2025 ባለው ዓመት 530 ሺህ ገደማ ነው። ያውም ይሄ የአሁኑ አመዘጋገብ ከተጀመረበት ከ2003 ወዲህ ከፍተኛው ቁጥር ነው ተብሎ። አካባቢውም ጊዜውም በትክክል አይገጥምም፣ ግን ልዩነቱን ታያላችሁ። ከአርባ አንዱ ገደማ ነው መዝገብ የሚደርሰው። ከተመዘገበው ደግሞ ስንቱ ፍርድ ቤት እንደሚደርስ ገምቱት። ሕጉን በእጥፍ ብታጠብቁት ሠላሳ ዘጠኙ አይሰማም።

የጥግ ሱቅ
እኔ ራሴ ማመልከት ትቻለሁ። ቅጽ ልሞላ ሱቅ መዝጋት አለብኝ፤ የምዘጋበት ሰዓት ከተሰረቀው ይበልጣል።

ነገረኛው
መፍትሔው ቀላል ነው። ሁሉንም ዕቃ ከወለሉ ጋር እንበየደው። 😂

የሁለት ልጆች እናት
የእኔ የመጀመሪያ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ከሱቅ ሽቶ ሲሰርቅ ተይዞ ነበር። ኪሱ ውስጥ ገንዘብ ነበረው። ሽቶ አይወድም። ብትጠይቁት «ሁሉም ሲያደርግ» ነው ያለኝ።

ባለሱቁ ፖሊስ አልጠራም፤ እኔን ጠራኝ። ስደርስ ልጄ መጋዘኑ ውስጥ ካርቶን ላይ ተቀምጧል። ፊቱ አመድ ለብሷል። ሰውዬው አልጮኸም። የዕቃ መግዣ ደረሰኙን አወጣና «ይሄን ያህል ገዛሁት፣ በዚህ ያህል እሸጠዋለሁ፣ ልዩነቱ ይቺ ናት፤ ከእሷ ላይ ኪራይና የዚህች ልጅ ደመወዝ ይወጣል» ብሎ የሱቁን ካሸር አሳየው። ልጄ ቀና ብሎ አላያትም። ከዚያ ከራሱ ገንዘብ ከፈለ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ እስከ ዓመቱ መጨረሻ እዚያ ሱቅ እንዳይገባ ተነገረው። እኔ ደግሞ የራሴን ቅጣት ጨመርኩበት፤ እሱ በእኛ ቤት ይቅር።

ሕግ ይከበር፣ ያ ልጅ ያን ቀን መዝገብ ቢወጣለት ሥራ ለመቀጠር በጠየቀ ቁጥር ይከተለው ነበር። በአንድ ሽቶ።

ሸንጎ
ባለሱቁ ጥሩ ሰው ነው። ግን ይህንን ነገር ወደ አሠራር ስትቀይሩት ተጠንቀቁ። ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ኩባንያ ከትልልቅ ሱቆች ጋር ተዋውሎ ለተያዘ ሰው ምርጫ ይሰጥ ነበር፦ 400 ወይም 500 ዶላር ከፍለህ የእኛን የሥነ ምግባር ትምህርት ውሰድ፣ አለዚያ ፖሊስ እንጠራለን። ሳን ፍራንሲስኮ ከሰሰችው። በ2017 ፍርድ ቤቱ ይህ ማስፈራራት ነው፣ በማስፈራራት ገንዘብ መቀበል ነው አለ። የተያዘው ሰው ጥፋተኛ መሆኑን ያየ ዳኛ የለም፤ ፈርቶ የከፈለ ንጹሕ ሰውም ይኖራል።

የልጁ ጉዳይ ያማረው ገንዘቡ የዕቃው ዋጋ ብቻ ስለሆነና ወላጅ ስለነበረች ነው።

ሌሊት ተረኛ
በጥበቃ ሥራ ላይ ነኝ። ጥቂት ከውስጥ የሆነ ነገር ልጨምር።

የሚሰረቀው ሁሉም ዕቃ አይደለም። ተመራማሪው ሮናልድ ክላርክ በ1999 ሌባ የሚወደውን ዕቃ ጠባይ ዘርዝሮ ነበር። ለመደበቅ የሚመች፣ ለመያዝ ቀላል፣ በቅርብ የሚገኝ፣ ዋጋ ያለው፣ የሚያስደስት፣ ቶሎ የሚሸጥ። እኔ ከዚህ ውስጥ አንድ ምረጥ ብትሉኝ የመጨረሻውን ነው። ምላጭ፣ መዋቢያ፣ የሕፃን ወተት፣ መጠጥ። አንድ ሰው አርባ ምላጭ ለራሱ አይወስድም። ካሸሯ ያየሻት ሴት አንድ ቆርቆሮ ከያዘች እናት ናት። አሥራ ሁለት ከያዘች ግን ገዢ ውጭ ቆሞ ይጠብቃታል።

በር ላይ ስለመቆም፦ መመሪያው ልክ ነው። ሰው የሚጎዳው ሌባው በሚሰርቅበት ሳይሆን መውጫ በሚዘጋበት ጊዜ ነው። እኔ የምሠራው ከዚያ በፊት ነው። መደርደሪያውን ከቁመቴ ዝቅ ማድረግ፣ ውዱን ከበር ማራቅ፣ የጨለመ ጥግ ማብራት፣ የገባን ሰው ሁሉ ሰላም ማለት። ሁሉንም ነው፤ የሚጠረጠረውን ብቻ አይደለም። ብዙ ጥበቃ ልብስ አይቶ፣ መልክ አይቶ ይከተላል። እሱ ያንን ሲከተል በሥርዓት የለበሰው ሰውዬ ኮቱን ሞልቶ ይወጣል።

ካሜራ ያድናል የምትሉም አላችሁ። ፊት የሚለይ ካሜራ እንኳ ተሞክሯል። ራይት ኤይድ የተባለው የአሜሪካ መድኃኒት ቤት ለዓመታት ተጠቅሞበት ነበር። በታኅሣሥ 2023 የአገሪቱ መንግሥት የንግድ ኮሚሽን ቴክኖሎጂውን እንዳይጠቀም ለአምስት ዓመት አገደው። ማሽኑ ንጹሕ ሰዎችን «ሌባ» እያለ ሠራተኞች ሲከተሏቸው ነበር። አንዲት የ11 ዓመት ልጅ በስህተት ተይዛ ተፈትሻለች። ስህተቱ የሚበዛውም ጥቁሮችና እስያውያን በብዛት በሚኖሩባቸው አካባቢዎች ባሉት ሱቆች ነበር።

ሕግ ይከበር
እና የሌባውን ፎቶ በር ላይ መለጠፍስ? ወይም ቪዲዮውን መልቀቅ? ውርደት ከእስር ይበልጣል።

ሌሊት ተረኛ
የማይሰማው ሰው ውርደቱም አይሰማውም፤ ፎቶው ሥር ቆሞ ሲስቅ ታየዋለህ። የሚሰማው ሰው ደግሞ ያን ያህል አያስፈልገውም። ከተሳሳትክ ደግሞ የሰው ስም የምትመልስበት መንገድ የለህም። ቪዲዮ ወደ ፖሊስ እንጂ ወደ ቴሌግራም ግሩፕ አይሄድም።

ቁስል አጣቢዋ
ነርስ ነኝ፣ ሱስ ማገገሚያ ውስጥ እሠራለሁ። በየቀኑ የሚሰርቅ ሰው ብዙ ጊዜ ማታ የሚያስፈልገው መጠን አለ። ሰውነቱ ሲንቀጠቀጥ ስድስት ወር እስር የሚባለው ነገር ለእሱ በጣም ሩቅ ነው። ታስሮ ይወጣል፣ በወጣበት ቀን ይሰርቃል። እንግሊዝ ውስጥ ዌስት ሚድላንድስ ፖሊስ ደጋግመው የሚሰርቁ ሱሰኞችን ወደ ማገገሚያ የሚልክበት አሠራር ጀምሮ ነበር። ሁሉም አይድንም። ግን አንድ ሰው እንኳ ቢድን ሱቁ በየቀኑ ከሚመጣ ሌባ ተገላገለ ማለት ነው።

በነገራችን ላይ የስርቆት ሕመም የሚባለውም አለ። ግን እጅግ ጥቂት ነው፤ ከሕዝቡ ከ1 ከመቶ በታች። ሰውዬው የማያስፈልገውን ነገር ይሰርቃል፣ ከዚያ ይጥለዋል ወይም ደብቆ ያስቀምጠዋል። አይሸጠውም። ስለዚህ ተይዞ «በሽታ አለብኝ» የሚል ሁሉ አይመን።

የሁለት ልጆች እናት
ርቦት የሰረቀስ?

ሸንጎ
ጣሊያን ውስጥ ጄኖዋ ከተማ አንድ መኖሪያ የሌለው ሰው ከሱቅ አይብና ቋሊማ ደበቀ። ዋጋው 4.07 ዩሮ ነበር። ሥር ፍርድ ቤት እስራትና መቀጮ ፈረደበት። ጉዳዩ ላይኛው ሰበር ድረስ ሄደ። በ2016 ሰበሩ፣ አስቸኳይ ረሃቡን ለማስታገስ ትንሽ ምግብ ስለወሰደ ወንጀል የለም ብሎ ወሰነ። ለ4 ዩሮ ሦስት ፍርድ ቤት! አንዳንዶች አጨበጨቡ፣ ነጋዴዎች ተናደዱ። እኔ ለራሴ ዳኞቹ ልክ ናቸው እላለሁ። ግን 4 ዩሮውን ያጣው ሱቅ መሆኑን መርሳት የለብንም። ረሃቡ የሁላችን ከሆነ ባለሱቁ ብቻውን ለምን ይከፍላል?

የጥግ ሱቅ
ተባረክ። ይቺን ነው ስጠብቅ የቆየሁት። የራበው ሰው ቢለምነኝ እሰጠዋለሁ። ምጽዋቱን ግን እኔ ልምረጥ እንጂ።

ሕግ ይከበር
እሺ፣ ልጁንም የራበውንም ሱሰኛውንም ተውኩላችሁ። ጠራርጎ የሚወጣውን ግን አልለቅም። እሱ ላይ ማን ምን አለ? እና ማንም ያላነሳው ሰው አለ፦ ገዢው። «ከሱቅ የወጣ ነው፣ በግማሽ ዋጋ» ሲባል ሁላችንም ስልክ እናወጣለን። ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እንዲያውም መጠየቅ ነውር ይመስለናል። ሌሊት ተረኛ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል ያለው ሰውዬ ለማን ይሸጣል? ለእኛ። እሱን አስሩት።

ሸንጎ
ከክሩ ሁሉ ይህችን ወደድኳት። አሜሪካ በሰኔ 2023 ሥራ ላይ የዋለ ሕግ አላት። የኢንተርኔት ገበያዎች ብዙ የሚሸጡ ሻጮችን ማንነት እንዲያጣሩ ያስገድዳል። በ12 ወር ውስጥ 200 አዲስ ዕቃና ከዚያ በላይ የሸጠ፣ 5,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው የባንክ ሒሳቡን፣ የግብር ቁጥሩን፣ አድራሻውን ያስመዘግባል። መሸጫው ሲጠብ መስረቁ አያዋጣም። አንድ ተቀባይ መያዝ ሃያ ሰራቂ ከመያዝ ይሻላል፤ ለፖሊስም ይቀለዋል።

ካሸሯ
ይህን ሁሉ አልጠበቅኩም፣ አመሰግናለሁ። ለሥራ አስኪያጃችን ሦስት ነገር ልወስድ ነው። አንደኛ፣ የጎደለው ሁሉ ሰው ላይ ከመላከኩ በፊት ካርቶን ሲገባ ይቆጠር። ሁለተኛ፣ አንድ ሰው ተመላልሶ ሲመጣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የወሰደው ዕቃ በአንድ ደብተር ይመዝገብ፤ ፖሊስ ሲጠየቅ «በየጊዜው ይመጣል» ከማለት የተጻፈ ነገር ማሳየት ይሻላል። ሦስተኛ፣ ማሽኖቹ አጠገብ ሁልጊዜ አንድ ሰው ይቁም፤ ለመያዝ ሳይሆን ለመርዳት። አራተኛም አለኝ፣ የደመወዝ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አልጽፈውም 😄

ሌሊት ተረኛ
ደብተሩ ላይ የምታዩትን ብቻ ጻፉ። «ሰማያዊ ጃኬት፣ አራት ጠርሙስ፣ 10፡20፣ በግራ በር ወጣ።» «ሌባ ይመስላል» ብላችሁ አትጻፉ። እሱን ያነበበ ጠበቃ ያስቅባችኋል።

የጥግ ሱቅ
እኔም እንዲህ ያለ ደብተር ልጀምር። ማነው ቅጹን አዘጋጅቶ የሚለጥፍልን? አጠገቤ ያሉት ሦስት ሱቆችም ይፈልጉታል፤ ሰውየው ከእኔ ወጥቶ እነሱ ጋ ነው የሚገባው።

ሒሳብ ሹም
እኔ ጋ አለ። ማታ እዚሁ እለጥፈዋለሁ። የዕቃውን መግዣ ዋጋ የሚጻፍበት አምድ ጨምሬበታለሁ፣ የመሸጫውን አይደለም። ሲጠየቁ የሚያዋጣችሁ እሱ ነው።